ኮምፒውተሩ መጣ፤ ማን ይያዘው?
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የድርጅቶች ጥምረት በጂንካና በደቡብ ኦሞ

መግቢያ

ዘመኑ የኢንፎርሜሽን ዘመን ነው ሲባል መስማት ከጀመርን ሰነባብተናል። ለእኛ ለደቡብ ኦሞ ልጆች ግን አባባሉ ለረጅም ጊዜ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ነው የቆየው። አሁን ነገሩ ደጃችን ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር፣ በኦንላይን ተሰጠ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ መንገድ የተፈተኑት ቁጥር ከፍ አለ። ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪ ከዚህ ፈተና ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ፊዚክሱን አውቆት፣ መልሱን የሚመርጥበትን ቦታ ሲፈልግ ሰዓቱ ይሄድበታል። እንግዲህ ኮምፒውተር መንካትና አለመንካት የቅንጦት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች ጥምረት ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥምረት ምን ማለት እንደሆነ፣ በአገራችንና በውጭ እንዴት እንደተሠራበት፣ በመጨረሻም ጂንካን በመሰለች ከተማ በምን መልኩ ሊሠራ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ከኮምፒውተር ስጦታ ይልቅ የሚበጃቸው ኮምፒውተሩን የሚጠግንና የሚሠራበት እጅ የሚያፈራ ስምምነት ነው። ይህን ስምምነት ሊፈርሙ የሚችሉ ድርጅቶች ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ሳንሄድ እዚሁ ገበያው ዙሪያ አሉ።

ስጦታ፣ ግዢና ጥምረት

እነዚህ ሦስት ነገሮች ብዙ ጊዜ ሲደባለቁ ይታያል። እስቲ ለያይተን እንያቸው።

ስጦታ ማለት አንድ ድርጅት ዕቃውን አምጥቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሲያበቃ ማለት ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ሰጪው ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ግንኙነቱ በዚያው ዕለት ይጀምራል፣ በዚያው ዕለት ያልቃል። ግዢ ደግሞ መንግሥት ወይም ትምህርት ቤቱ ከድርጅት ዕቃ ወይም አገልግሎት ገዝቶ ሒሳቡን ሲከፍል ነው። እዚህ ላይ ድርጅቱ ግዴታ አለበት፤ ተማሪው ግን በውሉ ውስጥ ተመልካች ነው።

ጥምረት የምንለው ሁለቱም ወገኖች በየሳምንቱ የሚሰጡትና የሚቀበሉት ነገር ሲኖር ነው። ድርጅቱ ባለሙያውን፣ ጊዜውንና እውነተኛ ሥራውን ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ያዘጋጃል፣ ክፍለ ጊዜ ይመድባል፣ ውጤታቸውን ይከታተላል። ድርጅቱ በምላሹ ለሥራ የደረሰ ሰው ያገኛል። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ዕቃው የተበላሸ ዕለት ነው። በስጦታ የመጣ ኮምፒውተር ሲበላሽ ክፍሉ ይቆለፋል። በጥምረት የመጣ ሲበላሽ ግን ብልሽቱ ራሱ የዕለቱ ትምህርት ይሆናል።

በአገራችን ምን ታየ?

በመጀመሪያ ሁላችንም የምናውቀውን እንውሰድ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች በሳተላይት የሚተላለፍ፣ ዝግጅቱም በደቡብ አፍሪካ ድርጅት የተሠራ ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ የአዲስ አበባና የገጠር ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት ያግኝ የሚል ነው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሮጥ በመሆኑ ብዙ ተማሪ አልደረሰበትም፤ መምህሩም ከጥቂት ደቂቃ መግቢያና ማጠቃለያ በቀር ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሳተላይቱ ቆሞ አይጠብቅም፤ ትምህርቱ ያልፋል። ይህ ከላይ ግዢ ያልነው ነው። ዕቃውም ዕውቀቱም ከውጭ መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ዕቃውን ፈትቶ የሚገጥም ሰው አብሮ አልመጣም።

ቀጥሎ የመጡት ሙከራዎች ከዚህ የተማሩ ይመስላሉ። ዩኔስኮና የቻይናው ሁዋዌ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመሩት ፕሮግራም ግብፅ፣ ጋናና ኢትዮጵያ ታቅፈዋል። በእኛ አገር ትምህርት ሚኒስቴር የተሳተፈበት ሆኖ 24 ትምህርት ቤቶች ለሙከራ ተመርጠው መሣሪያ ከመስጠት ጎን ለጎን መምህራንን በዲጂታል ማስተማሪያ ማሠልጠን የሥራው አካል ተደርጓል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ተጀመረ። ትምህርቱ ዩዳሲቲ በተባለው ኩባንያ በኩል በነፃ በኦንላይን የሚሰጥ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና ዳታ ሳይንስን የመሳሰሉ ኮርሶች አሉት። መልካም ነው። ነገር ግን ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና እንግሊዝኛ ሦስቱም እጁ ላይ ላለው ልጅ ነው የሚመቸው። የእኛ አካባቢ ተማሪ ከዚያ በፊት የሚወጣው አንድ ደረጃ ቀርቶታል።

ለዚያ ደረጃ የሚሆን ልምድ በአገራችን የለም እንዳይባል በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ የትብብር ሥልጠና የሚባለው አለ። በ2000 ዓ.ም. ከወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ወዲህ በተለምዶ 70 በ30 እየተባለ ይጠራል፤ ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶ ያህሉን በድርጅት ውስጥ በተግባር፣ ቀሪውን በተቋሙ በንድፈ ሐሳብ እንዲማር የታሰበ ነው። መነሻው የጀርመኖች የሥልጠና ሥርዓት ነው። እኛ ሁላችን አፓረንትሺፕ ስንወጣ የምናውቀው ነገር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል፤ ከመጽሐፉ ወደ ሥራው የሚወስደው ድልድይ ነው ያልተሠራው።

ከውጭ ልምድ ሁለት ምሳሌ

በዓለም ላይ ከታወቁት የዚህ ዓይነት ጥምረቶች መካከል የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ አጀማመር ለእኛ ልዩ ትምህርት አለው። ሲስኮ የኔትወርክ መሣሪያ የሚያመርት የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1990ዎቹ ለትምህርት ቤቶች ኔትወርክ ሲዘረጋ አንድ ችግር ተደጋግሞ ገጠመው፦ መሣሪያው ይተከላል፣ ከዚያ በኋላ የሚንከባከበው ሰው የለም። ትምህርት ቤቶቹ ቴክኒሺያን የሚቀጥሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ጆርጅ ዋርድ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ያገኘው መፍትሔ ተማሪዎቹን ራሳቸውን ማሠልጠን ነበር። ከዚህ ተነሥቶ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1997 በ64 የትምህርት ተቋማት ተከፈተ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በእኛም አገር ጭምር ይሠራበታል። ልብ በሉ፤ አሜሪካም ቢሆን ችግሩ የዕቃ ሳይሆን የእጅ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዮርክ ከተማ ብሩክሊን ውስጥ የተከፈተው ፒ-ቴክ የተባለው ትምህርት ቤት ነው። አይ.ቢ.ኤም.፣ የከተማው ትምህርት ቢሮና የከተማው ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ተማሪው 9ኛ ክፍል ገብቶ በ6 ዓመት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃውንና የሁለት ዓመቱን የኮሌጅ ዲግሪ አብሮ ይይዛል። ከኩባንያው ሠራተኞች መካከል አማካሪ ይመደብለታል፣ ተከፍሎት ልምምድ ይወጣል፣ ሲጨርስም ለቅጥር ቅድሚያ ይታሰብለታል። እዚህ ላይ የምንወስደው ነገር ሦስት አካል መኖሩን ነው፦ ትምህርት ቤት፣ ድርጅትና ኮሌጅ። ሦስተኛው እኛ ነን። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ራሳችን እንምጣ

ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አካባቢው ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው፤ አሪም ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ድሮ ደቡብ ኦሞ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ይህ አገር ከሐመር እስከ ዳሰነች፣ ከሙርሲ እስከ ማሌ 16 ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ነው። እዚህ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የለም። ታዲያ ከማን ጋር ነው ጥምረቱ? የሚል ጥያቄ ይነሣል።

መልሱን ያገኘሁት ከራሴ ገጠመኝ ነው። እኔ 9ኛና 10ኛ ክፍልን የተማርኩት ከወረዳዎቹ በአንዱ ነው። የኮምፒውተር ክፍል ነበረን፤ ቁልፉ ግን አይከፈትም ነበር። መምህራችን ኪቦርዱን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥለው ያሳዩናል፤ እኛም ደብተራችን ላይ ቀድተን በወረቀት ላይ ጣታችንን እናስኬዳለን። አሁን ሳስበው ትጉህ መምህር ነበሩ፤ ያላቸው ጠመኔ ብቻ ሆኖ ነው። ከዚያ ጂንካ መጥቼ 11ኛን እንደጨረስኩ ክረምቱን አንድ ኮፒ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ መጀመሪያ ያሉኝ “ሳታዪ እስክትጽፊ ድረስ የደንበኛ ማመልከቻ አላስነካሽም” ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን በሁለት ወር ውስጥ በሁለት ዓመት ያላገኘሁትን አገኘሁ።

ምን ተማርሽ ብትሉኝ በአማርኛ መጻፍ ልበል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በፍርድ ቤት፣ በዕድርም ሆነ በማኅበር ደብዳቤው የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ግን እንግሊዝኛውን ብቻ ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ በፍላሽ ተይዞ ሌላ ቢሮ ሲከፈት ለምን የማይነበብ ምልክት እንደሚሆን እዚያው አየሁ፤ ምክንያቱ የገባኝ ዲፓርትመንታችን ከገባሁ በኋላ ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላቲኑን ያወጣዋል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ስለሰጠው በዩኒኮድ የተጻፈ ይህ ችግር የለበትም። የታጠፈ ወረቀት ከፕሪንተር ማውጣት፣ ቶነር መቀየር፣ ፍላሽ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሲሆን ቫይረስ መሆኑን አውቆ ማጽዳት፣ ይሄ ሁሉ እዚያው ነው።

ጋሼም ቢሆኑ የጎደላቸው ነገር ነበር። ሠራተኛ ከዜሮ ያሠለጥናሉ፤ በሦስት ወሩ ትቷቸው ይሄዳል። ትምህርት ቤት መሠረቱን አስጨብጦ የሚልክላቸው ልጅ ቢኖር ደስታቸው ነው። ጥምረት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ነገር አለ፣ ሁለቱም የሚሰጡት አላቸው።

ማን ምን ያስተምር?

ከተማውን በዚህ ዓይን ስናየው ድርጅት ሞልቷል። ኮፒ ቤቶች ጽሕፈት፣ ስካንና የፕሪንተር አያያዝ ያስተምራሉ። የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ራም ነቅሎ መትከልን፣ ፓወር ሰፕላይ መቀየርን፣ አቧራ ማጽዳትን ያሳያሉ፤ በእኛ አገር አቧራ ደግሞ ከቫይረስ ባልተናነሰ ኮምፒውተር ይገድላል። አስጎብኚዎችና ሆቴሎች ከእንግዳ ጋር ኢሜይል መጻጻፍን፣ ቦታ ማስያዝን ያውቃሉ፤ የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ እንግዳው ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው። የቡናና የማር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባላት መዝገብ፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ አላቸው፤ ኤክሴልን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ምሳሌ አላውቅም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክንና ኦሞ ባንክን የመሳሰሉት ግን የደንበኛ ምስጢር ስላለባቸው ተማሪ ኮምፒውተራቸው ላይ ሊቀመጥ አይችልም። እነሱ ባለሙያ ወደ ክፍል ልከው ስለ የይለፍ ቃል፣ በቴሌብርና በሞባይል ባንኪንግ ስለሚፈጸም ማጭበርበር ቢያስረዱ ይበቃል።

እንቅፋቶቹ

ነገሩ አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። አራት ችግሮችን ላንሣ።

አንደኛው መብራት ነው። ሄድ መለስ የሚል መብራት ዴስክቶፕን ያቃጥላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር ሳይኖር ኮምፒውተር መትከል ዕቃውን መጣል ነው። ባትሪ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለእኛ ሁኔታ ከአዲስ ዴስክቶፕ ሊሻል ይችላል።

ሁለተኛው ሶፍትዌር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ብዙዎቹ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። እነዚህን ማሽኖች ከመጣል በነፃ በሚገኘው ሊኑክስ ማሠራት ይቻላል። ኢንተርኔት በሌለበትም ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይቻላል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ከአርብቶ አደር ወረዳ የመጣ ልጅ ቤቱ ሐመርኛ ወይም ዳሰነችኛ ተናግሮ፣ አማርኛን ከተማ ተምሮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ሦስተኛ ቋንቋው ነው። መጀመሪያ በእጁ እያሳዩ፣ በሚያውቀው ቋንቋ እያስረዱ ካልሆነ “ሴቭ” እና “ሴቭ አዝ” ልዩነታቸው ምኑም አይገባው።

አራተኛው እጅግ የሚያሳስበኝ ነው። ተማሪውን ልምምድ ተብሎ ወስዶ ሻይ ማላላክና ሱቅ ማስጠረግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያሉት ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓል እንዳይሠሩ ያዛል። ልምምዱ ቅጥር ባይሆንም ከዚህ ገደብ ማለፍ የለበትም። በተለይ ሴት ተማሪዎች ሳይመሽ ወደ ቤታቸው ወይም ወደ ማደሪያቸው መመለሳቸው በጽሑፍ የሰፈረ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ስምምነቱ ምን ይያዝ?

ከላይ ያልኩትን ወደ ተግባር ስለውጠው በአንድ ገጽ የሚያልቅ ስምምነት ይበቃል። በውስጡም፦

1ኛ. ተማሪው ድርጅት ከመሄዱ በፊት በትምህርት ቤቱ የሚጨርሰው መሠረታዊ ትምህርት፤ ኮምፒውተር ማብራትና ማጥፋት፣ ፋይል ማስቀመጥ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጻፍ።

2ኛ. ቀኑና ሰዓቱ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለአንድ መንፈቅ ዓመት። የጂንካ ገበያ ቅዳሜ ስለሆነ ኮፒ ቤቶች በዚያ ቀን ፋታ የላቸውም፤ ለመማር የሚመቸው ከሳምንቱ መካከል ያለ ቀን ነው።

3ኛ. ተማሪው የሚሠራቸው ሥራዎች ዝርዝር። የተሠራው ላይ ባለቤቱ ይፈርማል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሥራ አይታዘዝም።

4ኛ. ጥገና። ጥገና ቤቱ በወር አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ከተማሪዎቹ ጋር የተበላሸውን ይጠግናል። ለመለዋወጫው ትምህርት ቤቱ ከውስጥ ገቢው ትንሽ በጀት ይይዛል።

5ኛ. የድርጅቱ ጥቅም። ሠራተኛ ሲፈልግ በዝርዝሩ ላይ በቂ ፊርማ ያለውን ተማሪ ክረምት ላይ ከፍሎ የመቅጠር ቅድሚያ ያገኛል።

ማጠቃለያ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ግን ድሩን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ የእኛ የዲፓርትመንታችን ይመስለኛል። የኮፒ ቤቱ ባለቤት ትምህርት ቤት ሄደው ደብዳቤ አያስገቡም፣ የትምህርት ቤቱም ርእሰ መምህር ጥገና ቤት ለጥገና ቤት አይዞሩም። እኛ ግን ከሁለቱም ጋር ነን፤ ከትምህርት ቤቶቹ ወጥተን መጣን፣ ወደ ድርጅቶቹ አፓረንትሺፕ እንወጣለን።

ስለዚህ ለዲፓርትመንቱ መምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት አፓረንትሺፕ ከምንወጣው መካከል አራት ተማሪዎች ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመደቡ። የመጀመሪያው ወር ሥራቸው የተቆለፈውን ክፍል ከፍቶ ከተበላሹት ኮምፒውተሮች የሚነሡትን ማስነሣት ይሁን። በሁለተኛው ወር ሦስት ኮፒ ቤቶችንና አንድ ጥገና ቤት አነጋግረው ስምምነቱን ያስፈርሙ። ከዚያ 12 ተማሪዎች ይጀምሩ፤ ስድስቱ ሴቶች ቢሆኑ እመርጣለሁ። ገንዘብ የሚጠይቀው ለመለዋወጫና ለስታቢላይዘር ብቻ ነው። የአፓረንትሺፕ ምደባ እስኪወጣ ጥቂት ሳምንታት ስላሉ በሐሳቡ የምትስማሙ የክፍል ጓደኞቼ ስማችሁን ለዲፓርትመንቱ ጽሕፈት ቤት ብታስመዘግቡ፣ እኔም የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ነኝ።